ከዐሳማ አንጎል እስከ ካንሰር መድኃኒት፤ የፕሮፌሰር ሻሊ ረጅም ልፋት

በ1960ዎቹ ዓመታት፣ በአሜሪካ ደቡብ በምትገኘው በኒው ኦርሊንስ ከተማ፣ ለጦር ጡረተኞች መታከሚያ በተሠራው ሆስፒታል ውስጥ ዘወትር አንድ እንግዳ ጭነት ይገባ ነበር። ጭነቱ ቄራ ውስጥ ከታረዱ ዐሳማዎች ጭንቅላት ተቈርጦ የወጣ፣ በበረዶ የቀዘቀዘ የአንጎል ቍራጭ ነው። እያንዳንዱ ቍራጭ ከአንጎል ሥር የተወሰደና እጅግ ትንሽ ሲሆን፣ ብዛቱ ግን በመቶ ሺሕ የሚቈጠር ነበር። ይህን ሁሉ አንጎል ያስመጡት ሰው ፕሮፌሰር አንድሪው ሻሊ ይባላሉ።

አንባቢያችን የዐሳማ ስም ሲነሣ ፊቱን ቢያኮሳትር አንፈርድበትም። ነገር ግን ጥቂት ይታገሠን። ዛሬ በብዙ አገር የፕሮስቴት ካንሰር ሕሙማን በወር ወይም በሦስት ወር አንድ ጊዜ የሚወጉት መርፌ የዘር ሐረጉ ሲቈጠር የሚደርሰው ከዚሁ ከቄራ ጭነት ነው። የነገሩን አመጣጥ ከሥሩ ጀምረን ለማስረዳት እንሞክራለን። ዘመኑን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን ግን አስቀድመን እናሳስባለን።

ካንሰርን የሚገድል መርዝ ከተገኘ ብዙ ዘመን ሆኖታል። መርዙ በደም ሥር ከገባ በኋላ ግን ወዳጅና ጠላት አይለይም። ካንሰር ከሰውነት ሥርዓት ወጥተው ያለልክ የሚራቡ ሴሎች የሚያመጡት በሽታ ነው፤ መድኃኒቱም በፍጥነት የሚራባውን ሴል ሁሉ ይመታል። የጠጕር ሥር፣ የአንጀት ሽፋን፣ ደም የሚሠራው የአጥንት መቅኔ በባሕርያቸው ፈጥነው የሚራቡ ስለሆኑ፣ ሳያጠፉ ከአጥፊው ጋር አብረው ይቀጣሉ። የታማሚው ጠጕር የሚረግፈው፣ የሚያስታውከው፣ ደሙም የሚያንሰው በዚህ ምክንያት ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ጀርመናዊው ሊቅ ፓውል ኤርሊኽ፣ ሌላውን ሳይነካ በሽታውን ብቻ ለይቶ የሚመታ መድኃኒት ቢገኝ እንደ አስማት ጥይት ይሆናል ብለው ተመኝተው ነበር። ፕሮፌሰር ሻሊም ዕድሜያቸውን የጨረሱት፣ መጀመሪያ ሳያስቡት በኋላም ዐውቀው፣ በዚሁ ምኞት ላይ ነው።

ከዊልኖ እስከ ኒው ኦርሊንስ

አንድሪው ሻሊ ኖቬምበር 30 ቀን 1926 በዊልኖ ከተማ ተወለዱ። ከተማዪቱ በዚያን ጊዜ የፖላንድ ነበረች፤ ዛሬ ቪልኒየስ ተብላ የሊትዌንያ ዋና ከተማ ናት። አባታቸው በፖላንድ ጦር ሠራዊት ጄኔራል ነበሩ። በ1939 የሂትለር ጦር ፖላንድን ሲወር ልጁ ገና 12 ዓመታቸው ነበር፤ ወደ ሩማንያ ተሰደዱ፤ የጦርነቱንም ዘመን በዚያው አሳለፉ። ጦርነቱ ሲያልቅ በኢጣልያና በፈረንሳይ በኩል ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገሩ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በስኮትላንድ ፈጽመው በለንደን ኬሚስትሪ ተማሩ። በ1952 ደግሞ ወደ ካናዳ ሄደው በሞንትሪያል ከተማ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን ቀጠሉና በ1957 የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉ።

በዚያን ጊዜ ሊቃውንቱን ያከራክር የነበረው ጉዳይ ይህ ነው። ከአንጎላችን ሥር ፒቱታሪ የምትባል የአተር ፍሬ የምታህል ዕጢ አለች። ይህች ትንሽ ዕጢ በአንገት ላይ ያለውን ዕጢ፣ የወንድንና የሴትን የዘር ዕጢዎች፣ የልጅንም እድገት የምታዝዝ ናት። ለእርስዋስ ትእዛዝ የሚሰጣት ማን ነው? እንግሊዛዊው ጄፍሪ ሃሪስ፣ አዛዡ ከበላይዋ ያለው ሃይፖታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ነው፤ ትእዛዙንም የሚልከው በቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ በሚፈስ ኬሚካል ነው ይሉ ነበር። ኬሚካሉን ግን ያየው አልነበረም፤ ስለዚህ የማያምኑ ብዙዎች ነበሩ።

በ1955 ወጣቱ ሻሊ ከመምህራቸው ከመሪ ሳፍራን ጋር፣ ከሃይፖታላመስ የወጣ አንድ ነገር ፒቱታሪን እንደሚያነቃቃ በሙከራ አሳዩ። በዚያው ዓመት ሮዤ ጊየማን የተባሉ የፈረንሳይ ተወላጅ ሐኪም አሜሪካ ውስጥ በሂውስተን ከተማ ሆነው ተመሳሳይ ውጤት አገኙ። ሻሊ በ1957 ወደ ሂውስተን ሄደው ከጊየማን ጋር ሥራ ጀመሩ። ሁለቱ አምስት ዓመት ያህል አብረው ቢደክሙም ያንን ነገር አንጥረው ማውጣት አልቻሉም። በ1962 ተለያዩ፤ ሻሊ ወደ ኒው ኦርሊንስ ሄዱ፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የቀድሞዎቹ የሥራ ጓደኞች ተፎካካሪዎች ሆኑ። (ያ መጀመሪያ የፈለጉት ነገር መልኩ የታወቀው በ1981 ነው፤ ያገኙትም ሻሊም ጊየማንም አይደሉም፤ የጊየማን ተማሪ የነበሩት ዋይሊ ቬይል ናቸው።)

ፔፕታይድ የሚባለው ነገር

ወደ ፉክክሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ቃል መተርጐም አለብን። ሰውነታችን አሚኖ አሲድ የሚባሉ 20 ዓይነት ቅንጣቶች አሉት። እነዚህ በክር እንደ ተሰካ ጨሌ ተራ በተራ ሲያያዙ፣ ረጅሙ ክር ፕሮቲን ይባላል፤ አጭሩ ፔፕታይድ ይባላል። ጨሌው ሦስትም ቢሆን አሥርም ቢሆን፣ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ሥራውን አይሠራም።

ፔፕታይድ በደም ውስጥ ሲጓዝ እንደ ደብዳቤ ነው። በየሴሉ ቆዳ ላይ ደግሞ ተቀባዮች አሉ፤ እነዚህን የፖስታ ሣጥን ልንላቸው እንችላለን። በአገራችን ደብዳቤ እቤት ድረስ እንደማይመጣና ወደ ፖስታ ሣጥን ቍጥር እንደሚላክ ሁሉ፣ ፔፕታይድም በደሙ ሁሉ ሲዞር ውሎ የሚገባው የእርሱ ሣጥን ካለበት ሴል ብቻ ነው። ሣጥኑ የሌለው ሴል ደብዳቤው በአጠገቡ ቢያልፍም አያውቀውም። ከዚህ በታች የምንተርከው ነገር ሁሉ በዚህ ሣጥን ላይ የተመሠረተ ነውና አንባቢያችን ይህን በልቡ ይያዝልን።

የበግና የዐሳማ ሩጫ

ትእዛዝ አስተላላፊው ፔፕታይድ በእያንዳንዱ አንጎል ውስጥ የሚገኘው ለመገመት በሚያስቸግር ጥቂት መጠን ነው። ስለዚህ ጊየማን የበግ አንጎል በሚሊዮን የሚቈጠር አሰበሰቡ። ሻሊ ደግሞ ዐሳማን መረጡ፤ ኦስካር ማየር የተባለው የሥጋ ኩባንያ የዐሳማውን አንጎል በነፃ ለገሳቸው። ያ ሁሉ አንጎል ይፈጫል፤ ይዘፈዘፋል፤ ይጠለላል፤ እንደገና ይጠለላል። በየደረጃውም የወጣው ፈሳሽ ለአይጥ እየተወጋ ሥራ መሥራት አለመሥራቱ ይፈተናል። ብዙዎች የሙያ ባልደረቦች በዚህ ሥራ ይሣለቁ ነበር። አስተዋይነት የጐደለው፣ ጕልበትና ገንዘብ ብቻ የሚጠይቅ የቄራ ሥራ ነው ይሉ ነበር። እኛ እንኳ ነገሩን ስናነብ መጀመሪያ እንደዚሁ መስሎን ነበር።

በ1966 የሻሊ ቡድን ከ100,000 የዐሳማ ሃይፖታላመስ 2.8 ሚሊግራም የሚመዝን ንጹሕ ነገር አወጣ። ይህ የአንገትን ዕጢ ለማዘዝ ፒቱታሪን የሚቀሰቅሰው ፔፕታይድ ነበር። ውስጡ ቢታይ ሦስት አሚኖ አሲዶች ተገኙበት። ነገር ግን ሦስቱ ተደምረው የዕቃውን ክብደት አልሞሉም፤ ሦስቱን በልዩ ልዩ ቅደም ተከተል ቀጥለው ቢሠሩትም ሥራ አልሠራ አላቸው። እንግዲያው ቍልፉ ያለው በሌላው ክፍል ይሆናል ብለው ነገሩን ተዉት። እውነቱ ግን በእጃቸው ነበር፤ ክሩ ከሁለቱም ጫፎች በኬሚካል የተዘጋ ስለነበረ ነው ያላወቁት። እስከ 1969 ድረስ ሦስት ዓመት ባከነባቸው፤ በዚያ ዓመት የጊየማን ቡድንም የሻሊ ቡድንም እኩል በሚባል ጊዜ ደረሱበት።

ከዚህ በኋላ ትልቁ ሽልማት የዘር ዕጢዎችን የሚያዘው ፔፕታይድ ነበር። እርሱንም ለማግኘት ከ160,000 የሚበልጥ የዐሳማ ሃይፖታላመስ ተፈጭቶ የተገኘው ንጹሕ ዕቃ አንድ ሚሊግራም እንኳ አይሞላም ነበር። አንድ የጨው ቅንጣት በምላስ ላይ ብትጥሉ ምን ያህል እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ የዓመታት ልፋት ከዚያ ብዙ በማይበልጥ ዱቄት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ዕቃው ከተደፋ ወይም ሙከራው ከተበላሸ እንደገና ከቄራው መጀመር ግድ ነው። ሥራውን ከሻሊ ጋር የያዙት ጃፓናውያኑ ሂሳዩኪ ማትሱኦ፣ አኪራ አሪሙራና ዮሺሂኮ ባባ ነበሩ። በተለይ ማትሱኦ እጅግ ጥቂት ዕቃ የሚበቃው አዲስ የመመርመሪያ ዘዴ ተጠቅመው የጨሌዎቹን ተራ አነበቡ። አሥር ናቸው። ሻሊ ይህን በጁን 1971 በሳን ፍራንሲስኮ በተደረገው የሆርሞን ሊቃውንት ጉባኤ ላይ አስታወቁ።

በ1977 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተሰጠ፤ እኩሌታው ለሻሊና ለጊየማን፣ እኩሌታው ደግሞ በደም ውስጥ ያለን ጥቂት ሆርሞን ለመለካት የሚያስችለውን ዘዴ ላገኙት ለወይዘሮ ሮዛሊን ያሎ። የማይነጋገሩ ሁለት ሰዎች በአንድ መድረክ ላይ ቆመው አንዱን ሽልማት መካፈላቸው በዚያን ጊዜ ብዙ አስወርቷል። ስለ ፉክክሩ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ተጽፏልና እኛ በዚህ አንቆይም።

የሚያስነሣው የሚያስተኛ ሆነ

ብዙ ሰው ኖቤል ከተቀበለ በኋላ ያርፋል። ሻሊ ግን ወደ ካንሰር ዞሩ። ነገሩ እንዴት እንደተገናኘ ለመረዳት ወደ 1941 መመለስ አለብን።

በዚያ ዓመት በቺካጎ የነበሩት ሐኪም ቻርልስ ሃጊንስ፣ የፕሮስቴት ካንሰር የሚያድገው የወንድነት ሆርሞን በሆነው በቴስቶስቴሮን መሆኑን አሳዩ። ፕሮስቴት በወንድ ፊኛ ሥር ያለች ዕጢ ናት፤ ካንሰሩም ብዙ ጊዜ የሚይዘው በዕድሜ የገፉትን ነው። ሃጊንስ የታማሚውን የዘር ፍሬ በቀዶ ሕክምና ሲያስወግዱ፣ ካንሰሩ ወደ አጥንት ዘልቆ ያሠቃያቸው የነበሩ ሰዎች ሕመማቸው ቀለለ። ገበሬያችን ወይፈኑን ሲያኮላሽ ጠባዩ እንዲለዝብ መሆኑን ያውቃል፤ በሰው ላይ ግን ይህ ከባድ ፍርድ ነው። ሊድን ነው ተብሎም ቢሆን ይህን እሺ የሚል ወንድ ብዙ አይገኝም። ከስለባ ይልቅ የሴት ሆርሞን በክኒን የተሰጣቸውም ነበሩ፤ ከእነርሱ ደግሞ ብዙዎቹን የልብና የደም ሥር በሽታ ገደላቸው።

የሻሊ አሥር ጨሌ ፔፕታይድ እንግዲህ ፒቱታሪን ቀስቅሶ ቴስቶስቴሮን እንዲበዛ የሚያደርግ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የታሰበው ልጅ ላልወለዱ ሰዎች መድኃኒት እንዲሆን ነበር። በደም ውስጥ የሚቈየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ፣ ሻሊና ባልደረቦቻቸው ከአሥሩ ጨሌ ስድስተኛውን በሌላ ለውጠው እጅግ የሚበረታና የሚቈይ ሠሩ። ከዚያ በኋላ ያልተጠበቀ ነገር ታየ። ብርቱው ፔፕታይድ ዘወትር ሲሰጥ ቴስቶስቴሮን በመብዛት ፈንታ ጠፋ።

ምክንያቱን ለመረዳት በ1978 በፒትስበርግ ከተማ የነበሩት ኤርንስት ኖቢል በጦጣዎች ላይ ያደረጉት ሙከራ ረዳ። አንጎል ይህን ፔፕታይድ የሚልከው ያለማቋረጥ አይደለም፤ በሰዓት ወይም በአንድ ሰዓት ተኩል አንድ ጊዜ ጥቂት ጥቂት እየረጨ ነው። በየሰዓቱ መጥቶ በር የሚያንኳኳ ሰው ይከፈትለታል። ከጧት እስከ ማታ እጁን ከበሩ ላይ ሳያነሣ የሚደበድብ ግን ቤተኛው ጆሮውን ይደፍንበታል። የፒቱታሪም ሴሎች ደብዳቤው ሲበዛባቸው የፖስታ ሣጥኖቻቸውን ወደ ውስጥ ስበው ይደብቃሉ። ትእዛዝ ይቋረጣል፤ የዘር ፍሬውም ሥራ ይፈታል፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ቴስቶስቴሮን በቢላዋ ከተቈረጠ ሰው እኩል ይወርዳል። መርፌው ሲተው ደግሞ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ ይህም ቢላዋ የማያደርገው ነው።

ሻሊ በ1981 ይህ ፔፕታይድ በአይጦች ላይ የፕሮስቴትን ካንሰር እንደሚያቀጭጭ አሳተሙ። በሚቀጥለው ዓመት በ1982 በሞንትሪያል ሐኪም ከነበሩት ከጆርጅ ቶሊስ ጋር ሆነው፣ በጥቂት ሕሙማን ላይ የተገኘውን ተመሳሳይ ውጤት አሳተሙ። ሌሎችም ከዚሁ አሥር ጨሌ የየራሳቸውን መድኃኒት ሠሩ፤ ሉፕሮላይድ በ1985፣ ጎሰረሊን በ1989 በአሜሪካ ተፈቀዱ። የሻሊ የራሳቸው ስድስተኛው ጨሌ የተለወጠው ፔፕታይድ ትሪፕቶረሊን ይባላል። በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት ሉፕሮላይድን እያንዳንዱ አገር ሊኖረው ይገባል ከሚላቸው መሠረታዊ መድኃኒቶች መዝገብ ውስጥ አግብቶታል። የሽንት ችግራቸውን በኀፍረት ለሚደብቁ አባቶቻችንም ይህ ወሬ ሳይደርስ መቅረት የለበትም።

መድኃኒቱ ግን ነውር የለውም አንልም። በመጀመሪያው ሳምንት ሆርሞኑ ከመውረዱ በፊት ጥቂት ስለሚወጣ፣ ካንሰሩ አጥንት የገባበት ሰው ሕመም ሊብስበት ይችላል፤ ስለዚህ ሐኪሞች ሌላ ክኒን ያስቀድማሉ። ይህን መነሣት የማያመጣ ዴጋረሊክስ የሚባል መድኃኒት በ2008 ወጥቷል። በሙቀት መጠመቅ፣ የአጥንት መሣሣት፣ የፍትወት መጥፋት አብረው የሚመጡ ናቸው። ከሁሉ የሚከፋው፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ካንሰሩ ያለ ሆርሞን መኖርን ይለምዳል።

መርዝ የያዘ ደብዳቤ

እስከ አሁን የተናገርነው ፔፕታይድ ካንሰሩን በቀጥታ አይነካውም፤ ምግቡን ያስቀርበታል እንጂ። ሻሊ ግን ከዚህ የሚበልጥ ነገር አሰቡ። የዚሁ ፔፕታይድ የፖስታ ሣጥን በፒቱታሪ ላይ ብቻ እንዳልሆነ ታወቀ። ከማኅፀን ሽፋንና ከእንቍላል ዕጢ ካንሰሮች አብዛኞቹ፣ ከጡት ካንሰርም እኩሌታ ያህሉ ሣጥኑን በሴሎቻቸው ላይ ተሸክመው ተገኙ። ሣጥን ካለ ደብዳቤው ይገባል። እንግዲያውስ ለምን መርዝ አይጫንበትም?

ዶክሶሩቢሲን የሚባል ቀይ የካንሰር መድኃኒት አለ፤ ብርቱ ነው፤ ነገር ግን ልብን ይጐዳል፤ ጠጕርን ያረግፋል። ሻሊ በ1990ዎቹ ዓመታት ይህን ቀይ መርዝ ከፔፕታይዳቸው ጋር በኬሚካል ማሰሪያ አያያዙት። ሐሳቡ ግልጥ ነው። ፔፕታይዱ ሣጥኑን ፈልጎ ይገባል፤ ማሰሪያው በሴሉ ውስጥ ይፈታል፤ መርዙ እዚያው ይፈሳል፤ ጠጕርና ልብ ይተርፋሉ። በአይጥ ላይ ሲሞከር መርዙ ብቻውን ከሚሠራው የበለጠ ሠራ፤ ጕዳቱም አነሰ። ከዚያ ወደ ሰው ተሸጋገረ።

በነሐሴ ወር መጨረሻ በ2005 ካትሪና የተባለው ታላቅ አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን በውኃ ሲያጥለቀልቃት፣ የአርባ ዓመት የሥራ ቦታቸው ጠፋ። ፕሮፌሰሩ 78 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ብዙዎች አሁንስ ያርፋሉ ሲሉ፣ እሳቸው ወደ ማያሚ ከተማ ሄደው በዚያ ባለው የጦር ጡረተኞች ሆስፒታል እንደገና ቤተ ሙከራ አቋቋሙ።

ደብዳቤው የመጨረሻውን ፈተና የተፈተነው በማኅፀን ሽፋን ካንሰር ላይ ነው፤ ፈተናው ከ500 በላይ ሴቶች የተካፈሉበት ነበር። በሽታቸው የገፋ፣ ሌላ መድኃኒት ሞክረው ያልተሳካላቸው ናቸው። እኩሌቶቹ ደብዳቤውን፣ እኩሌቶቹ መርዙን ብቻ ተቀበሉ። በ2017 ውጤቱ ሲገለጥ ደብዳቤውን የተቀበሉት በአማካይ የኖሩት 11 ወር ያህል ነው፤ ሌሎቹም 11 ወር ያህል። ልዩነት አልተገኘም። የሩብ ምዕተ ዓመት ተስፋ የተጣለበት መድኃኒት በዚሁ ቆመ። ሻሊ 90 ዓመት አልፏቸው ነበር።

ለምን ከሸፈ? ማሰሪያው ኤስተር የሚባለው ዓይነት ነው፤ ይህን ዓይነት ማሰሪያ የሚፈቱ ኤንዛይሞች በደም ውስጥ መኖራቸው በኬሚስቶች ዘንድ የታወቀ ነው። ደብዳቤው ሣጥኑ ሳይደርስ በመንገድ ከተቀደደ፣ መርዙ እንደ ቀድሞው በደም ሁሉ ይበተናል። የውድቀቱ ሙሉ ምክንያት ይህ ነው ብለን ለመፍረድ ግን አንደፍርም። በአንዳንድ ሕሙማን ሣጥኑ ጥቂት ሊሆን ይችላል፤ ካንሰሩም አንድ ወጥ አይደለም።

በጎረቤት በኩል የተሳካው

ሐሳቡ ራሱ ግን አልሞተም፤ ይህንንም ያረጋገጠው ሌላ ፔፕታይድ ነው፤ ያውም ከተፎካካሪው ቤት የወጣ። በ1973 የጊየማን ቡድን ከበግ ሃይፖታላመስ 14 ጨሌ ያለው ሶማቶስታቲን የሚባል ፔፕታይድ አገኘ። ይህም በደም ውስጥ የሚቈየው ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው፤ በስዊስ አገር ያሉ ኬሚስቶች ግን አሳጥረው ስምንት ጨሌ ያለው፣ ለሰዓታት የሚቈይ አደረጉት። ስሙም ኦክትሪዮታይድ ነው። በአንጀትና በቆሽት ላይ የሚወጡ፣ ሆርሞን የሚያመነጩ አንዳንድ ካንሰሮች ደግሞ የዚህን ፔፕታይድ የፖስታ ሣጥን በብዛት ተሸክመው ተገኙ። ይህን ካሳዩት አንዱ በበርን ከተማ የነበሩት ዣን ክሎድ ሮይቢ ናቸው።

እዚህ ላይ የተጫነው ጭነት ሉተሺየም የሚባል ብረት ነው። ብረቱ ጨረር የሚረጭ ሲሆን፣ በኬሚካል ቀፎ ውስጥ ተቈልፎ ከፔፕታይዱ ጋር ይያያዛል። ከሻሊ መርዝ የሚለይበትን ነገር አንባቢያችን ያስተውል። ሉተሺየሙ እንዲሠራ ከቀፎው መውጣት አያስፈልገውም፤ ማሰሪያው ባይፈታም ጨረሩ በራሱ ይወጣል። የሚሄደውም ቢበዛ ሁለት ሚሊሜትር ነው፤ ስለዚህ ደብዳቤው የገባበትን ሴልና የቅርብ ጎረቤቶቹን ይመታል፤ ሩቁን አይደርስበትም። ኀይሉም በየ7 ቀኑ ገደማ በግማሽ እየቀነሰ ያልቃል። ከሁሉ የሚደንቀን፣ ከመርፌው በፊት ሌላ ቀላል ጨረር ያለው ተመሳሳይ ፔፕታይድ ተሰጥቶ በካሜራ መታየቱ ነው። ካንሰሩ በፎቶግራፉ ላይ ካበራ ሣጥኑ አለ ማለት ነው፤ ካላበራ መድኃኒቱ አይሰጥም።

አንድ ችግር ነበረ። ትንንሽ ፔፕታይዶችን የሚያጣራው ኩላሊት ስለሆነ፣ ጨረሩ እዚያ ይከማቻል። ለዚህም የተገኘው መፍትሔ እጅግ ቀላል ነው። ላይሲንና አርጂኒን የተባሉ ሁለት አሚኖ አሲዶች በብዛት በደም ሥር ይንጠባጠባሉ፤ ኩላሊት በእነርሱ ሥራ ሲበዛበት ጨረር ያለውን ፔፕታይድ መልሶ ሳይስበው ከሽንት ጋር ይሰድደዋል።

ይህ መድኃኒት በየሁለት ወሩ አራት ጊዜ ይሰጣል። በ2017 መጀመሪያ በታተመው ፈተና 229 ሕሙማን ተካፍለዋል። ከ20 ወር በኋላ ካንሰሩ ሳይገፋ የቆየላቸው መድኃኒቱን ከተቀበሉት ከ100ው 65ቱ ሲሆኑ፣ ኦክትሪዮታይድ ብቻ ከተቀበሉት ግን ከ100ው 11ዱ ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት በአውሮፓ፣ በጃንዋሪ 2018 በአሜሪካ ተፈቀደ። የሻሊ ደብዳቤ በወደቀበት ዓመት የጊየማን ደብዳቤ ደረሰ ማለት ነው። አያድንም፤ በሽታውን ግን ይገታል፤ እንዲህ ያለ ካንሰር ለያዘው ሰው ደግሞ ሁለት ሦስት ዓመት ትንሽ ነገር አይደለም።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ፕሮፌሰር ሻሊ ከ2017 በኋላም ሥራቸውን አላቆሙም። እድገትን የሚቀሰቅሰው የአንጎል ፔፕታይድ በብዙ ካንሰሮች ውስጥ በራሱ በካንሰሩ እንደሚሠራ ቀድሞ ታውቆ ነበር። እሳቸውም የሣጥኑን አፍ የሚዘጉ፣ እውነተኛው ደብዳቤ እንዳይገባ የሚከለክሉ የሐሰት ፔፕታይዶችን ሠሩ። ለነዚህ የሰጧቸው መለያ የአዲሱን ከተማቸውን የማያሚን የመጀመሪያ ፊደላት የያዘ ነው። በአይጥ ላይ የሳምባን፣ የጡትን፣ የፕሮስቴትን ካንሰር እንዳቀጨጩ በተከታታይ አሳትመዋል። በሰው ላይ መድኃኒት ለመሆን ገና ናቸው፤ የአይጥ ውጤት ደግሞ ሁልጊዜ በሰው ላይ እንደማይደገም ከቀዩ ደብዳቤ ታሪክ አይተናል።

ሮዤ ጊየማን በፌብሩዋሪ 2024 በ100 ዓመታቸው ዐረፉ። ሻሊም በዚያው ዓመት ኦክቶበር 17 ቀን በ97 ዓመታቸው ተከተሏቸው።